ወጣቶችና የአደጋ ጊዜ ሥራ በሐዋሳ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመሆኑ ጎርፍም የመሬት መንቀጥቀጥም ያሰጋታል። በአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ (1996 ዓ.ም.) ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው፤ በሐዋሳ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰውም ይኸው የዕድሜ ክልል ነው።

የሐይቁ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። የገባው ውሃ ካልተነነ ወይም ወደ መሬት ካልሰረገ ሐይቁ ከፍ ከማለት ሌላ አማራጭ የለውም። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም.፣ ከከባዱ የኤልኒኞ ዝናብ በኋላ፣ ውሃው ወደ ከተማዋ ተጠግቶ ነበር። ዛሬ ነዋሪው አመሻሽ ላይ በእግሩ የሚንሸራሸርበት የሐይቁ ዳር ግድብ ከተማዋን ከውሃ ለመከላከል የተሠራ ነው። ሐይቁ ለምን ከፍ እንዳለ ተመራማሪዎች አንድ አልሆኑም፤ ከፊሎቹ የዝናቡን መለዋወጥ፣ ከፊሎቹ የደኑን መመንጠር፣ ሌሎች ደግሞ የመሬት ውስጥ እንቅስቃሴን ያነሳሉ። የደለሉ ጉዳይ ግን አያጠያይቅም። በ1960ዎቹ ሐይቅ የነበረውና ደለሉን አስቀርቶ ለጥቁር ውሃ የተጣራ ውሃ ይለቅ የነበረው ጨለለቃ አሁን ረግረግ ሆኗል።

የወጣቱ ሥራ ከዚሁ ይጀምራል። በላይኛው ተፋሰስ እርከን መሥራት፣ ቦረቦር መድፈን፣ ችግኝ መትከልና የተተከለውን ከከብት መጠበቅ የሚሠራው በአብዛኛው በወጣት ጉልበት ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የወንዶ ገነት ደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ለዚህ ሙያ ለአገሪቱ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል፤ ከተማዋ ልትኮራበት ይገባል። በከተማው ውስጥም ከክረምቱ በፊት የፍሳሽ ቦዮችን የሚጠርገው፣ ጎርፍ የገባበትን ቤት ጠርጎ የአረጋውያንን ጣሪያ የሚጠግነው በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰማራው ወጣት ነው።

በጥር 2008 ዓ.ም. በሬክተር መለኪያ 4.3 ገደማ የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አናውጧት ነበር። በዩኒቨርሲቲው ብዙ ተማሪዎች የተጎዱት ሕንፃ ተደርምሶባቸው አልነበረም። በድንጋጤ ሲሯሯጡና ከፎቅ ሲዘሉ ነው። መንቀጥቀጡ ሲጀምር ወደ ደረጃ ከመሮጥ ይልቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መጠለልና ራስን መከለል እንደሚሻል የሚያውቅ ተማሪ በየክፍሉ ቢኖር ኖሮ ጉዳቱ እንደሚቀንስ አያጠራጥርም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን በመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ማሠልጠኑ የሚያስመሰግነው ለዚህ ነው። ደም ማቆም፣ የተሰበረ እጅና እግርን አስሮ መደገፍ፣ ተጎጂን ሳያንገላቱ ማንሳት በቀናት ሥልጠና የሚለመድ ነው፤ አደጋ ሲያጋጥም ተጎጂን አፍሶ ወደ ሐኪም ቤት ለሚያደርስ የባጃጅ ሾፌርም እኩል ያስፈልጋል።

ሥልጠና የጎደለው ቆራጥነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ታይቷል። በመጀመሪያው የመሬት መንሸራተት የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ተቀበሩ፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ገደሉን ከሩቅ የሚጠብቅና አፈሩ ሲነቃነቅ የሚጮህ አንድ ሰው ማቆም በየትኛውም የነፍስ አድን ሥራ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሳው ግጭት ብዙ ሰዎች በተፈናቀሉበት ወቅትም የአካባቢው ከተሞች ወጣቶች ልብስና እህል ሲያሰባስቡ ነበር።

ከአደጋው በኋላ ያለው የመልሶ ማቋቋም ሥራ ግን ለወጣቱ ገና በሩን በወጉ አልከፈተም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረቱን ርዳታ ከማደል ወደ ቀድሞ መከላከል አዙሯል፤ በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የሰንዳይ ማዕቀፍ የተባለው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ወጣቶችን የለውጥ አካል ይላቸዋል። በቀበሌ ደረጃ ግን የትኛው ቤተሰብ ቀድሞ ቤት ይሠራለት፣ ለማን ዘር ይሰጥ የሚለውን የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌዎችና ሹማምንት ናቸው። እድሩም ቢሆን ድንኳኑን እንዲተክልና ወንበሩን እንዲያመላልስ ወጣቱን ይጠራል፤ ለዳኝነትና ለገንዘብ ያዥነት ግን እምብዛም አይመርጠውም። ጉዳት የደረሰባቸውን ቤቶች በስልኩ ፎቶ አንስቶ መዝግቦ ያመጣ ወጣት ዝርዝሩ ሲጸድቅ በስብሰባው ላይ መቀመጫና ድምፅ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህ ደግሞ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፣ የቀበሌ ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ሊወስነው ይችላል።