ማንኪያው በእጃቸው ይቆይ፦ በነርሲንግ ሆም አረጋውያን ራሳቸው እንዲበሉ መርዳት

አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም የሚኖሩ አረጋውያን ብቻቸውን መብላት ሲያቅታቸው አጠገባቸው የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲኤንኤ የሚባለው፣ የምስክር ወረቀት ያለው የነርስ ረዳት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይህን ሥራ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የፌዴራሉ ደንብ ለሲኤንኤ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ደግሞ ቢያንስ 8 ሰዓት ሠልጥነው ለማብላት ብቻ የሚቀጠሩ ረዳቶች ተፈቅደዋል፤ የመዋጥ ችግር ያለበትን ሰው ግን አያበሉም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ትልቅ ነገር አምጥቷል። ነዋሪው በራሱ የመብላት አቅሙ፣ ሕመሙ የግድ ካላደረገው በቀር፣ እንዳይቀንስ መጠበቅ የተቋሙ ግዴታ ነው። ችግሩ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል። ረዳቱን ሌሎችም እየጠበቁት ነው፣ ቀስ ብለው የሚበሉ እናት ደግሞ ሾርባቸውን ገና አልጀመሩም፣ ስለዚህ አጉርሶ መጨረስ ይቀላል። ግን በየቀኑ የሚጎርስ ሰው እጁ ሥራ ይፈታል፤ ቆይቶ ማንኪያ መያዝም ያቅተዋል። እኛ ዘንድ ጉርሻ ፍቅር ነው። ማንኪያ ማንሳት የሚችልን ሰው ሁሌ ማጉረስ ግን የቀረውን አቅም መንጠቅ ነው፣ ይሄን በግልጽ መናገር አለብን።

መጀመሪያ አቀማመጥ ይስተካከል። ጀርባ ቀጥ ይበል፣ እግር መሬት ይንካ፣ አገጭ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ አንገትን ወደ ኋላ አቅንቶ መዋጥ ትንታ ያመጣል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ መደረጋቸው ይታይ። ረዳቱም ቆሞ አያበላ፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ይቀመጥ።

ከዚያ እርዳታው በትንሹ ይጀምራል። ቀድሞ በቃል፣ ካልሆነ ማንኪያውን በማስያዝ፣ እሱም ካልበቃ እጃቸውን ደግፎ አብሮ ወደ አፍ በመውሰድ። አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚከብደው አጀማመሩ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሮት የሄደው እጅ ቀስ ብሎ ሲለቀው ራሱ ሊቀጥል ይችላል። ማንኪያ ለምን እንደሆነ ለጠፋበት ደግሞ በእጅ የሚያዝ ምግብ ይቅረብለት። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ለበሉ ኢትዮጵያዊት እናት፣ መዋጥ ካላስቸገራቸው፣ በትንሽ በትንሹ የተጠቀለለ እንጀራ ከማንኪያ ይሻላል።

ዕቃውም ይረዳል። ጣት አልታጠፍ ላለው እጀታው ወፈር ያለ ማንኪያ አለ። ስትሮክ አንድ እጁን ለያዘበት ጠርዙ ከፍ ያለ ሰሃንና ከሥሩ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ አንገት ሳያቀኑ ለመጠጣት ደግሞ በአፍንጫ በኩል ጠርዙ የተቆረጠ ኩባያ። ነጭ ሩዝ በነጭ ሰሃን ላይ አይለይም፤ ደማቅ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሰሃን ይሻላል።

ምግቡ ምን ያህል ይላም፣ መጠጡ ምን ያህል ይወፍር የሚለውን የንግግርና የመዋጥ ቴራፒስት ይወስናል፤ ለዚህ ከ0 እስከ 7 የተደረደረ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ረዳቱ በግምት አይቀይረውም። ከበሉ በኋላ ወዲያው ማስተኛት አይገባም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። የመርሳት በሽታው በጣም ሲጸና ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በቱቦ ስለመመገብ ይጠይቃል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በዚያ ደረጃ ላይ ቱቦውን አይመክርም፤ በእጅ፣ በጥንቃቄ ማብላት ይሻላል ይላል።