በደሴ የጤና ተቋማት የሕፃናትና የአቅመ ደካሞች ጥበቃ

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ሌሊቷ ይበርዳል፤ በሆስፒታል ኮሪደር ጋቢ ተከናንቦ የሚያድረው ሰው ግን ብዙ ነው። አስታማሚ ነው። መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚመጣ፣ ናሙና ይዞ ላብራቶሪ የሚሮጥ፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ ተረኛ ነርስ የሚጠራ እሱ ነው። መንገድ በሌለበት ቀበሌ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያወጣው ደግሞ ቅሬው ነው፤ ወሎ ዕድርን የሚጠራው እንዲህ ብሎ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ተጋላጭ» የተባለው ሰው በመኝታ ክፍል ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ አስታማሚ የሌለው ነው።

ችግሩ አስታማሚው ራሱ አደጋ ሲሆን ነው። የ14 ዓመት ልጅ መመርመሪያ አልጋ ላይ ተቀምጣለች እንበል። የተጠየቀችውን ሁሉ አጎቷ ይመልስላታል፤ «ከደረጃ ወድቃ ነው» ይላል። የበሰለች ነርስ አትከራከረውም። ጓንት ግዛ ብላ ወረቀት ይዞ እንዲወጣ ታደርግና መጋረጃውን ትስባለች። ልጅቷ መደፈሯን ከተናገረች፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው በአምስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በመደፈር ያረገዘች ሴት ጽንስ ማቋረጥ ብትፈልግ የራሷን ቃል በቂ ያደርገዋል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ማለት አይገባም። ሽማግሌ ግን አንዳንዴ ከፖሊስ ይቀድማል። ወሎ በዕርቅ የታወቀ አገር ነው፤ ይሁንና በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት በዕርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪሙም የምርመራ ማስረጃውን ሽማግሌዎቹ እስኪጨርሱ ማዘግየት የለበትም።

የአዋቂዎቹ ጉዳይ የበለጠ ይድበሰበሳል። ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ የስምምነት ቅጹ ለባል ወይም ለወንድም ሲዘረጋ ይታያል፤ ሕመምተኛዋ ነቅታ፣ ሁሉን እየሰማች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ለመወሰን ችሎታ እንዳለው ነው የሚገምተው። የአእምሮ ሕመም ያለበትም ቢሆን በሽታው ስለተጻፈበት ብቻ ድምፁ አይነጠቅም።

ዘመድ የራቃቸው ሕሙማን ለአካባቢው አዲስ አይደሉም። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሥራውን የጀመረው በሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ዛሬ በነሱ ቦታ ያሉት ከግጭት የተፈናቀሉ አረጋውያን፣ አእምሯቸው ታውኮ ከዓረብ አገር የተመለሱ ወጣቶች፣ ከቤተሰብ ርቀው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች ናቸው። ለነዚህ ሶሻል ወርከር መመደብ፣ የነጻ ሕክምና ወረቀት ማውጣት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ደግሞ ቀበሌ ነው፤ ተፈናቃይዋ ቀበሌዋን ትታ መጥታለች። ወረቀቱ እስኪገኝ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ከራሷ ሳህን ታጎርሳታለች።