«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»፦ ኮብልለው ለሚጋቡ

የዚህ አነጋገር ጉልበት ያለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው። «ይረሳል» እና «ይወረሳል» የሚለያዩት በ«ወ» ብቻ ነው፤ አንዱ ከልብ ሲጠፋ ሌላው እጅ ይገባል። ወረቀት ብርቅ በነበረበት ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። ምስክሮቹ ቢያልፉም ብራናው ይናገራል። «ይወረሳል» ክብደቱን ያገኘው ከዚህ ነው።

ከመንዝ እስከ ምንጃር ጋብቻም በዚሁ ሚዛን ይታያል። «በሰማንያ ተጋቡ» ማለት በምስክር ፊት ውል አሰሩ ማለት ነው። ሲፋቱም «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ይባላል፤ የሚቀደድ ወረቀት አለና። ኮብልለው የሄዱ ጥንዶች የሚጎድላቸው ይኸው ወረቀት ነው።

በቅድሚያ ኩብለላን ከጠለፋ እንለይ። ለማግባት ብሎ ሴትን በኃይል፣ ወይም ፈቃዷን በማስፈራራትና በማታለል አግኝቶ የወሰደ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በኋላ ቢጋቡም፣ ሽማግሌ ቢያስታርቅም ከክሱ አያመልጥም። ዕድሜዋ 18 ካልሞላ ደግሞ «ወድጄ ነው የሄድኩት» ማለቷ ጋብቻውን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ያለዕድሜ ጋብቻ በአንቀጽ 648 ለብቻው ያስቀጣል።

ሁለቱም 18 ሞልቷቸው፣ በፈቃዳቸው፣ የቅርብ ዘመድ ሳይሆኑና ሌላ ትዳር ሳይኖራቸው ከሆነ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልግም። ወላጅ መቃወም የሚችለው እንደ ዕድሜና ዝምድና ያለ ሕግ የሚያውቀው ምክንያት ሲኖረው ነው፤ «ልጁን አልወደድነውም» ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባ ከገቡ ፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይመለከታቸዋል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት አዲስ አበባ ላይ ነው። በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻን በሚመዘግበው የመንግሥት ሹም) ፊት ለመጋባት ከተጋቢዎቹ አንዱ፣ ወይም ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ፣ በቦታው ቢያንስ አንድ ወር በተከታታይ የኖረ መሆን አለበት። ጋብቻውም ከአንድ ወር በፊት ለሹሙ ይነገራል፤ እሱም በማስታወቂያ ይገልጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ጠፍቶ ነገ በድብቅ መፈራረም አይቻልም። ከቤት በሌሊት የወጣች ልጅ መታወቂያዋን ትታ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመነሻው ይቆማል፤ ዕድሜዋንና ማንነቷን በምን ታስረዳለች? መታወቂያና የልደት ማስረጃ ከልብስ በፊት የሚያዙ ናቸው። የአባትና የአያት ስም አጻጻፍም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ይሁን። ምስክር ለእያንዳንዳቸው ሁለት፣ በድምሩ አራት ነው። ከጥንዶቹ አንዱን ብቻ የሚያውቁ ጓደኞች ይዘው የሚመጡ አሉ፤ የሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ቢሆኑ በኋላ ክርክር ሲነሳ ይጠቅማሉ።

በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻም የጋብቻ ሁኔታዎች እስከተሟሉ ድረስ እኩል ዋጋ አለው። ግን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቃሉ ከጽሑፍ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ሲዘለል የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ናት። ጋብቻ መኖሩን ማስረዳት ካልቻለች ባልየው «አብረን ኖርን እንጂ አልተጋባንም» ይላል። በፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ አብሮ መኖር የጋራ ንብረት የሚያፈራው ቢያንስ 3 ዓመት ሲቆይ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቢለያዩ አብረው የሠሩት ቤትና የገዙት በሬ በማን ስም እንዳለ ይታያል።

ኩብለላ አብዛኛውን ጊዜ በእርቅ ይቋጫል። ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይከፈላል፣ የእርቅ ወረቀትም ይጻፋል። ያ ወረቀት ቤተሰቦች መታረቃቸውን ይመሰክራል እንጂ የጋብቻ ምስክር ወረቀትን አይተካም። ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ሳምንት ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ይሻላል፤ ምስክሮቹ ሁሉ በአንድ ቦታ አሉና።