የመዓዛ ዘይት በቤታችን የጸሎት ስፍራ ዕጣንን ይተካልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በውጭ ሀገር በኪራይ አፓርታማ የሚኖሩ ምእመናን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት ፍሬ ዕጣን ፍም ላይ ጣል ሲደረግ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ጎረቤት ያጉረመርማል፤ ከቤተሰቡም መካከል አስም ያለበት ሰው አይታጣም። ስለዚህ ማጨሱን ትተን፣ ብዙዎቻችን ኢሴንሺያል ኦይል የምንለውን የዕጣን ዘይት ዲፊውዘር በሚባለው፣ መዓዛን በእንፋሎት በሚረጨው የኤሌክትሪክ ዕቃ ውኃ ላይ ጠብ አድርገን በሥዕለ አድኅኖው ፊት ብንጸልይ ነውር ይሆንብናልን? ይላሉ።

ዘይቱ ቤቱን ቢያውደው ነውር የለውም፤ ዕጣንን ተካ ማለት ግን አይቻልም። ይህን ለመረዳት አስቀድሞ በቤታችን የምናጨሰው ዕጣን ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል፤ ብዙው መደናገር የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ዕጣን በመጽሐፍ ቅዱስ የክህነት አገልግሎት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 እንደተጻፈው አሮን መብራቶቹን በሚያዘጋጅበት ጊዜ ጠዋትና ማታ በእግዚአብሔር ፊት ያጥን ነበር፤ የዕጣኑም ቅመም ተለይቶ ታዝዟል፤ ያንኑ ለራሱ ሊያሸትተው የሚሠራ ሰው ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ተብሏል። ንጉሡ ዖዝያን ጽናውን፣ ማለትም የዕጣን ማጨሻውን፣ ይዞ ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ዓዛርያስና ሰማንያ ካህናት ተቃወሙት፤ ንጉሥ መሆኑም ከለምጽ አላዳነውም። በሐዲስ ኪዳንም በቤተ ክርስቲያናችን ዕጣኑን በሥላሴ ስም ባርኮ የሚያጥነው ካህኑ ነው። ጽናው የእመቤታችን፣ በውስጡ ያለው ፍሕም የጌታችን ምሳሌ መሆኑንም በእሑዱ ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን የወርቅ ማዕጠንት ብለን ስናመሰግን ሁልጊዜ እንናገራለን።

እንግዲህ እኛ በቤታችን በገል ወይም በማጨሻ የምናደርገው ከዚህ ምሥጢር ጋር እኩል አይደለም። ያው ዕጣን ለቡናም ይጨሳል፤ ቡና በሚፈላበት ቤት የሚጨሰውን መሥዋዕት ነው የሚል ሰው የለም። በጸሎት ስፍራችን ስናጨስ ስፍራውን ለማክበርና ልባችንን ለመሰብሰብ፣ ዳዊትም በመዝሙር 140 ጸሎቱ በእግዚአብሔር ፊት እንደ ዕጣን እንዲሆንለት የለመነውን ለማሰብ ነው። ዳዊት ይህን ሲል ዕጣን ያደረገው ጸሎቱን እንደሆነ ልብ እንበል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ካህኑ ዘካርያስ ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ፤ በዕጣኑም ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ በውጭ ቆመው ይጸልዩ ነበር። በሕዝቡ እጅ ዕጣን አልነበረም፤ ጸሎታቸው ግን በውስጥ ከሚያርገው ዕጣን ጋር አንድ ነበረ። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 8 መልአኩ ከቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ጋር የሚያሳርገው ብዙ ዕጣን እንደተሰጠው እናነባለን፤ ስለዚህ በዐረብ ሀገር በሰው ቤት እየሠራች፣ ሌሊት በጠባብ ክፍሏ ውዳሴ ማርያሟን በሹክሹክታ የምታደርስ እኅታችን ዕጣን አላጨስሁም ብላ ልትጨነቅ አይገባትም። ጭስ ከሌለ ሰይጣን አይሸሽም የሚለውም ፍርሃት ከአባቶች ትምህርት የተገኘ አይደለም፤ ለቆሌና ለአድባር ከማጨስ ልማድ ወደ ቤታችን የገባ ይመስለኛል።

ወደ ዘይቱ እንመለስ። የዕጣን ዘይት የሚወጣው ሙጫው በውኃ እንፋሎት ሲተንና እንፋሎቱ መልሶ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ተንኖ የሚመጣው ቀላሉ መዓዛ ብቻ ሲሆን ከባዱ ሙጫ በማሰሮው ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ጠርሙሱ የያዘው የዕጣኑን ከፊል ነው፤ በገበያ ዕጣን ተብሎ ከሚሸጠው መካከል ከዛፍ ያልመጣ፣ በፋብሪካ የተቀመመ ሽቶም አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ዲፊውዘሩ እሳት የለውም። ፍሬው በፍም ላይ ወድቆ ሲቀልጥና ሲያርግ ማየት ራሱ ትምህርት ነበር፤ ቁልፍ ተጭነን ትተነው የምንሄደው ዕቃ ያን አያስተምረንም።

አንዳንዶች ከዚህ አልፈው ይህንኑ ዘይት ቅብዓ ቅዱስ ነው ብለው ግንባራቸውን ሲቀቡ አይቻለሁ። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ቅብዓ ቅዱስ ካህን የጸለየበት ዘይት ነው፤ በጠርሙስ የተገዛው የመዓዛ ዘይት ደግሞ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ ሳይቀጠን ቆዳ ሲነካ ሊያቃጥል ይችላል። አስም ያለበትንም ሰው የዘይቱ እንፋሎት እንደ ጭሱ ሊያስነሣበት ስለሚችል፣ ስለ እርሱ ብለን ከሆነ ጭሱን የተውነው አስቀድመን እርሱን መጠየቅ ይገባናል።

ጭሱ የበዛባቸው ግን ሕመምተኛ የሌለባቸው ቤቶች በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ማጨሻ ቢጠቀሙ ከዘይቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ እውነተኛውን ሙጫ ያለ ከሰል ያሞቃል፤ ጭሱም ያነሰ ነው። ከሰል የምታነድዱ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይ መርዛማ ጋዝ ሰው እንደሚገድል አትዘንጉ፤ መስኮት ክፈቱ፤ ፍሙንም ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉ። ሁሉንም የማይችል ጧፉን አብርቶ፣ ጧፍም ከተከለከለ ያለ ጧፍ ይጸልይ። የየቤታችሁን ነገር ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እርሳቸው የሚሏችሁ ከዚህ ጽሑፍ ይበልጣል።

በቤቱ ማጨስ ያልቻለ ሰው ለዕጣን ያወጣው የነበረውን ገንዘብ ይዞ ዕጣን ገዝቶ ለቤተ ክርስቲያን መባ ማስገባት ይችላል። በኪዳንና በቅዳሴ ካህኑ ሲያጥን እርሱም በዚያ ቆሞ ይጸልያል። መባ ስትገዙ ግን ፍሬውን ዕጣን ግዙ፤ ዘይቱን በጽናው ላይ የሚያደርገው ካህን የለም።