የመኪና መሪ ቁልፍ ምንድን ነው? ጎንደር ውስጥ ከአንድ ቤት ቆጥ የወረደው ብረት

ጎንደር ውስጥ ከአሮጌ ቤት ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ከወጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «የጣሊያን ነው»። አውቶ ፓርኮ ሰፈር ያለው የአያቴ ቤት ጣሪያ ሲታደስ ከቆጡ ላይ የወረደውም እንዲሁ ተባለ። ከክንድ ከስንዝር የሚረዝም፣ ላዩ የተላላጠ የብረት ቱቦ ነው። ከቱቦው ውስጥ ጥርስ የወጣለት ዘንግ ይወጣል። በሁለቱም ጫፍ ቀይ ፕላስቲክ የለበሰ ቆልማማ አለ፤ ቱቦውና ዘንጉ በሚገናኙበት ላይ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳ። ቁልፉ የለም።

አያቴ «የሥጋ መስቀያ ነው» አሉ። ጣሪያ ሠሪው የእስረኛ እግር ብረት መስሎት ሊነካው አልፈለገም። እኔ ለቆራሌው ልሰጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያተረፉት ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር የሆኑ ጎረቤታችን ናቸው። ብረቱን አገላብጠው አዩና ምንም ሳይሉ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «እትዬ፣ እስቲ ያቺን ወንፊት ያውሱኝ» አሉ። ወንፊቱን እንደ መሪ ደረታቸው ፊት እንድይዘው አደረጉና የታችኛውን ቆልማማ ከጫማቸው አፍንጫ በታች፣ የላይኛውን በወንፊቱ ክብ ላይ አጠለቁ። ከዚያ ዘንጉን ወደ ቱቦው ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አጠረ፤ ጠበቀ።

«ይኸው ፍሪሲዮን ልረግጥ ነው» ብለው እግራቸውን ሲገፉ ወንፊቱ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። «አሁን መሪውን አዙር» አሉኝ። ወንፊቱ በቆልማማው ውስጥ እየተንሸራተተ ዞረልኝና ሣቅሁ። «ወንፊት ክንድ የለውም፣ መሪ ግን አለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መሪ ከእምብርቱ ወደ ክቡ የሚዘረጉ ክንዶች ስላሉት ትንሽ እንደዞረ አንዱ ክንድ ቆልማማው ላይ ይጋጭና ይቆማል።

የመሪ ቁልፍ ማለት ይኸው ነው። መሪውን ከፍሪሲዮን ወይም ከፍሬን ፔዳል ጋር አስሮ ሁለቱንም ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ብረት። ሌባው ሞተሩን ቢያስነሳ እንኳ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሽ ማስገባት ይቸግረዋል፤ ቢያስገባም ኩርባ ላይ መዞር አይችልም።

ጉዱ የመጣው ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ነው። ጥርሱ ወደ ማጠር በነፃ ይሄዳል፤ ወደ መርዘም ግን ያለ ቁልፍ አይንቀሳቀስም። ቁልፉ ደግሞ የለም። ሰውዬው እግራቸውን ከጫማው ውስጥ አውጥተው ነው የተገላገሉት።

ይህ አጋጣሚ አንድ ጥሩ መለያ አሳየኝ። ከዚህ ዘር ሁለት ዓይነት ብረት አለ። አንደኛው የሚስብ ነው፦ የቆልማማዎቹ አፍ እርስ በርስ ይተያያል፣ ያለ ቁልፍ ያጥራል እንጂ አይረዝምም፤ የሚታሰረው በመሪና በፔዳል መካከል ነው። ሁለተኛው የሚገፋ ነው፦ አፎቹ ወደ ውጭ ያያሉ፣ ይረዝማል እንጂ አያጥርም፤ የሚገባው በመሪው ክብ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሆን፣ ተርፎ የሚወጣው ዘንግ መሪው ሲዞር ከመስታወት፣ ከበር ወይም ከሾፌሩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ብረት ካገኛችሁ አፉ ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። ጥርሱን ግን ለመሞከር ብላችሁ አትግፉት፤ እያንዳንዷ ቀጭታ ያለ ቁልፍ አትመለስም።

«የጣሊያን ነው» ለሚለው ደግሞ መልሱ ፕላስቲኩ ላይ ነው። የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው፤ የመጨረሻው ምሽጉ እዚሁ የወደቀው ኅዳር 1934 ዓ.ም.። መሪው እንዳይፋቅ ተብሎ የሚለበስ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ በብዛት የተለመደው ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው። ደግሞም ወንድ አያቴ ነጭ ሰይቼንቶ ነበረቻቸው። ይህቺ ፊያት 600 መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የቀደሙት ሰይቼንቶዎች ቁልፍ ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው የሚከፍተው፤ ሞተሩ የሚነሳው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለችውን ትንሽ ማንሻ በመሳብ ነው። ከባትሪ ወደ ኮይሉ (ለሞተሩ ብልጭታ ወደሚሰጠው ዕቃ) አንዲት ሽቦ የሚያሻግር ሰው ማንሻዋን ስቦ ይሄዳል። ባለቤቱ ተጨማሪ ብረት ቢገዛ አይፈረድበትም።

ከዚያ በፊትማ ይብስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ፣ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ የወጣለት ቁልፍ ዓይነቱ 24 ብቻ ነበር፤ ከ51 እስከ 74 ቁጥር የተመታባቸው። 24ቱንም በአንድ ቀለበት የያዘ ሰው የመንገዱን ሁሉ ሞዴል ቲ ያስነሳል። ለዚያ ነው በዚያ ዘመን ጎማ ላይ የሚቆለፉ ብረቶችና ተነቅለው የሚወሰዱ መሪዎች የተሸጡት።

የአያቴን ዓይነት ብረት ከገበያ የገፋው የመሪውን ዘንግ ከውስጥ የሚቆልፈው ነው፤ ቁልፉን ስትነቅሉ መሪው ቀጭ ብሎ የሚደርቀው። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1961 ለአዳዲስ መኪኖች ግዴታ አደረገችው፣ ጀኔራል ሞተርስ በ1969 ሞዴሎቹ ላይ አስገባው። ቀጥሎ የቁልፉን ኮድ ካላወቀ ሞተሩን የማያስነሳው ኤሌክትሮኒክስ መጣ። ያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ይህ ኤሌክትሮኒክስ ያልተገጠመላቸው የኪያና የሂዩንዳይ መኪኖች ስርቆት ሲበዛ፣ ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ለባለቤቶች ያስታደሉት ያንኑ መሪ ላይ የሚታሰር ብረት ነው።

ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ግን አይደለም። ደካማው መሪው ነው፦ ክቡ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን ብረት ስለሆነ በብረት መጋዝ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ቆልማማው ሹልክ ይላል። የሚጠቅመው በመስታወት ስለሚታይና ሌባውን ስለሚያስረፍደው ነው፤ ሌባ ደግሞ ከጎን የቆመችውን ያልታሰረችዋን ይመርጣል።

የእኛን በዘይት አርሰን በብስኩት ቆርቆሮ የተጠራቀሙትን የቤቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞከርንበት፤ አንዱም አልዞረም። በመጨረሻ የቀረው ርዝመት ከሰይቼንቶ ፔዳል እስከ መሪ እንኳ የሚደርስ አይደለም። አያቴ ወንፊታቸውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ክቡ መጉበጡን አዩና ብረቱን ከእጄ ወስደው ጓዳ በር ላይ ሰቀሉት። የሥጋ መስቀያ ነው ብያችሁ ነበር አሉ።