እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር

ይህ አባባል ሲጠቀስ አብዛኛው ሰው የሚሰማው ፉከራ ነው፤ እውነቱን ካፍረጠረጥኩ በኋላ ማንንም አልፈራም፣ የትም ገብቼ አድራለሁ እንደ ማለት። እኔን ግን ሁለተኛዋ ግማሽ ሁልጊዜ ታሳዝነኛለች። የመሸበት ሰው እኮ ማደሪያውን መርጦ አያድርም። ምስሉ የእግረኛ መንገደኛ ነው፦ ካሰበበት ሳይደርስ ጀምበር ትጠልቅበትና ባገኘው ቦታ ጎኑን ያሳርፋል። እውነት ተናጋሪውን ከቤት ያስወጣው ምን እንደሆነ ተረቱ አይነግረንም፤ መገመት ግን አያቅትም።

ቃሉም «ያድራል» አይልም፤ «ማደር» ነው የሚለው። ባለቤት የለውም፣ ተስፋም አይሰጥም። ተናገርክ? እንግዲህ እደራ!

ዛሬ የሚመሸው ግሩፕ ውስጥ ነው። አንድ የነበርኩበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የዛሬ ነው» የተባለ ፎቶ ተለጥፎ ሰዉን ሲያስለቅስ ዋለ። ማታ ላይ አንድ አዲስ የገባ ሰው «ይሄ እኮ የቆየ ፎቶ ነው፤ ከዓመታት በፊት የወጣበት ይኸውና» ብሎ ሊንክ አስቀመጠ። ሊንኩን የከፈተ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያው መልስ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ሁለተኛው «ማን ልኮህ ነው?» ሦስተኛው ተረት ነበር፦ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።»

ይህችን ተረት ልብ በሉልኝ፣ ብልጥ ናት። የኛ አላረረም አትልም። ያረረውን እሳት ላይ ትታ የወቃሹን ድስት ትከፍታለች።

ማቲው ሆርንሲ የተባለ አውስትራሊያዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት ለአውስትራሊያውያን ስለ ራሳቸው አንድ ዓይነት ወቀሳ አቀረበላቸው፤ ለአንዳንዱ ከአገሩ ሰው፣ ለሌላው ከውጭ ሰው እንደመጣ አድርጎ። ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ የውጭው ይበልጥ አስቆጣ። «ለኛ አስቦ ነው» የተባለው በአብዛኛው የራስ ሰው ነው። በ2004 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ይብሳል፦ የውጭው ሰው አብሯቸው ኖሮ ጠንቅቆ ቢያውቃቸውም ቁጣው አልቀነሰለትም። የምትናገረውን ማወቅህ የቤት ሰው አያደርግህም ማለት ነው። የቤት ልጁስ ቢሆን? ወቀሳው ከመረረ «ከነሱ ጋር ገጥሟል» ይባልና እንግዳ ይደረጋል፤ ለዚህ ጥናት አያስፈልግም፣ ግሩፕ ውስጥ የኖረ ሁሉ አይቶታል።

ያ ሰው ብዙም ሳይቆይ ተባረረ። ስድቡ ግን እሱ ከወጣም በኋላ ቀጠለ፣ መልስ መስጠት በማይችልበት። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ፎቶው የለም። አድሚኑ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አጥፍቶታል፤ የሰውዬውንም ሊንክ አብሮ። የቀረው «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» የሚለው ነው፣ ለማን እንደተባለ ሳይታወቅ።