«ከተትረፈረፈ መሥዋዕት፣ በቁም የጦሩበት ጥቂት ይበልጣል»፦ የአንድ ቻይናዊ አባባል ምንጭና ትርጓሜ

ቻይናውያን ሙታናቸውን ከሚዘክሩባቸው በዓላት መካከል በይበልጥ የሚታወቀው ቺንግሚንግ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት 26 ወይም 27 ቀን ይውላል። በዚህ ዕለት ቤተሰብ በአንድነት ወደ መቃብር ይሄዳል፤ አረሙን ነቅሎ፣ ዙሪያውን ጠርጎ፣ ምግብና መጠጥ አቅርቦ፣ ዕጣን አጢሶ፣ ለሟቹ በወዲያኛው ዓለም ይደርሰዋል ተብሎ የሚታመነውን የወረቀት ገንዘብ ያቃጥላል። በሰባተኛው የጨረቃ ወር በ15ኛው ቀን ለተመላሽ መናፍስት ምግብ ይቀርባል፤ በዐሥረኛው ወር መባቻ ደግሞ ሙታኑ እንዳይበርዳቸው ከወረቀት የተሠራ ልብስ ይቃጠልላቸዋል። ከዚህ ሁሉ ድግስና መሥዋዕት ጎን ለጎን የኖረው አባባል፣ ለሙታን በብዛት ከማቅረብ ይልቅ ወላጅን በሕይወት ሳለ በጥቂቱም ቢሆን መጦር እንደሚበልጥ ይናገራል።

አባባሉ ለትውልድ የተላለፈው በአንድ የመቃብር ሐውልት ላይ በተቀረጸ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ከእ.ኤ.አ. 1007 እስከ 1072 የኖረው ኦውያንግ ሺው፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ስመ ጥር ደራሲ፣ የታሪክ ጸሐፊና ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። አባቱ ኦውያንግ ጓን ሲሞቱ እርሱ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፤ አባትየው ዝቅተኛ ሹም ሆነው የኖሩ፣ እንግዳ ተቀባይና ለጋስ ሰው ስለነበሩ፣ ለቤተሰባቸው መጠለያም ሆነ የሚታረስ መሬት ሳይተዉ ነው ያለፉት። እናቱ ከቤተ ዠንግ የተወለዱ ሴት ሲሆኑ፣ ለብርና ለወረቀት መግዣ አጥተው ልጃቸውን በመቃ እንጨት መሬት ላይ እየጻፉ ፊደል አስተማሩት። ኦውያንግ ሺው ለአባቱ መቃብር የሚገባውን ሐውልት ያቆመው ከቀብሩ 60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1070 ነው። ሐውልቱ የቆመው ዛሬ ጂያንግሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ በላዩ የሰፈረው ጽሑፍ እናቱ ስለ አባቱ የነገሩትን ይተርካል።

እናትየው እንደተረኩት፣ እርሳቸው አግብተው ወደዚያ ቤት ሲገቡ ባላቸው የእናታቸውን የሐዘን ጊዜ ከጨረሱ ገና አንድ ዓመት ቢያልፍ ነው። በየወቅቱ ለሙታን መሥዋዕት በሚቀርብበት ቀን ባልየው እያለቀሱ ከላይ የጠቀስነውን ቃል ይናገሩ ነበር። ደኅና ምግብና መጠጥ በቀረበላቸው ጊዜም እንዲሁ እያነቡ፣ «ያኔ ሁልጊዜ ይጎድለን ነበር፤ አሁን ተርፎናል፤ ግን ምን ይረባል!» ይሉ ነበር። ሚስትየው መጀመሪያ ላይ ይህ የቅርብ ሐዘን የፈጠረው ስሜት መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን ባላቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከዚያ አልተለወጡም።

የአባባሉ ትክክለኛ መንፈስ የሚገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሌላውን ለመውቀስ፣ ይኸውም ወላጆቹን ሳይጦር ኖሮ ሲሞቱ ታላቅ ቀብር የሚደግሰውን ልጅ ለማሳፈር ነው። ተግሣጹ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተናገሩት ሰው እናታቸውን ችላ ያሉ ሰው አልነበሩም፤ በድህነት ምክንያት የሚገባትን ያህል ሊያደርጉላት ያልቻሉ፣ ኑሯቸው ሲሻሻል ግን እርሷን ያጡ ልጅ ናቸው። መሥዋዕቱንም አልናቁም፤ ቃሉን የተናገሩት ራሳቸው መሥዋዕት እያቀረቡ ነው። ስለዚህ አባባሉን የሙታን በዓላትን እንደሚቃወም አድርጎ የሚተረጉም ሰው ተሳስቷል።

ሐሳቡ ከሶንግ ዘመን እጅግ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በተጠናቀረ የቻይና መጽሐፍ ውስጥ የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ የኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ዜንግዚ፣ በሬ አርዶ በመቃብር ላይ ከመሠዋት ወላጆች በሕይወት ሳሉ ዶሮና የአሳማ ሥጋ ማብላት እንደሚሻል ሲናገር እናነባለን። ኮንፊሽየስም ዚሉ የተባለው ደቀ መዝሙሩ መናፍስትን ስለ ማገልገል በጠየቀው ጊዜ፣ «ገና ሰውን ማገልገል ሳትችል መናፍስትን እንዴት ታገለግላለህ?» ብሎ መልሶለታል። እርሱ ራሱ ግን ለሙታን ሲሠዋ በፊቱ እንዳሉ አድርጎ በፍጹም አክብሮት ይሠዋ ነበር።

ሁለቱ ግዴታዎች፣ ማለትም ሕያዋንን መጦርና ሙታንን ማሰብ፣ ዛሬ በአንድ ቀን የሚገናኙት በዘጠነኛው የጨረቃ ወር ዘጠነኛ ቀን በሚውለው በቾንግያንግ ነው። በሆንግ ኮንግ ቀኑ የሕዝብ በዓል ሲሆን ብዙ ቤተሰቦች መቃብር ይጎበኙበታል፤ በዋናው ቻይና ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለ ሕግ ዕለቱን የአረጋውያን ቀን አድርጎታል። ይኸው ሕግ ከአረጋውያን ወላጆቻቸው ተለይተው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ዘወትር እንዲጠይቋቸው ወይም ሰላምታ እንዲልኩላቸው ያዛል።